የእንጀራ ልጅና የባሕር ማዶ ጉዞ



ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ካለችው ከደጀን ከተማ አንዲት እናት ጉዳያቸውን ጽፈው ምክር ጠይቀውናል። ነገሩ በቢቸናም፥ በሞጣም፥ በሌላውም ያገራችን ክፍል የብዙ ቤተ ሰብ ጉዳይ ስለ ሆነ፥ መልሱ ለሁሉም ይደርስ ዘንድ በዚህ ዓምድ አቅርበነዋል።

እኚህ እናት ባላቸው በሞት ከተለያቸው ብዙ ዘመን ሆኗል። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ የተወለደውም በ2001 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት፥ ጥር 11 ቀን ነው። አሁን የአሜሪካ ዜግነት ያለው ያገራቸው ሰው ሽማግሌ ልኮባቸው፥ ጋብቻው ለጥር 16 ቀን 2019 ዓ.ም. ተቀጥሯል። ስለ ልጁ ግን ሁለት ዓይነት ምክር ቀርቦላቸዋል። አንደኛው፥ «አዲሱ ባልሽ እንደ ወለደው አድርጋችሁ አስመዝግቡት» የሚል ነው። ሁለተኛውም፥ «ለጊዜው ልጅ የለኝም በዪ፤ ከሄድሽ በኋላ ትወስጂዋለሽ» የሚል ነው። እናቲቱም ከሁለቱ የሚሻለውን እንድንነግራቸው ይሻሉ።

እኛ ሁለቱም እንዳይደረጉ እንመክራለን። የመጀመሪያው ምክር የሟቹን አባት ስም ከልጁ ላይ መፋቅ ነው፤ ሙት አባት ለልጁ ሌላ ርስት ባይተውለት እንኳ ስሙን ትቶለታል። ሐሰቱም ተሰውሮ አይቀርም። ኤምባሲው ሲጠራጠር የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ሊጠይቅ ይችላል፤ ዐውቆ ሐሰት ያቀረበም ሰው ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ለዘለቄታው ሊከለከል ይችላል። ሁለተኛው ምክር ደግሞ ልጅን መካድ ነው። የዲቪ ዕጣ ሕግ ልጁን፥ የእንጀራ ልጁንም ጭምር በቅጹ ላይ ያልጻፈውን ሰው ዕድል የሚያሰርዝ ነበር። የካናዳም ሕግ ወላጁ ሲገባ ያላሳወቀውንና ያልተመረመረውን ልጅ በኋላ በቤተ ሰብነት እንዳይወስደው በመርሕ ይከለክላል።

ከዚህም ሁሉ ጋር፥ ሐሰቱ የሚያስፈልግ አይደለም። የአሜሪካ ሕግ የእንጀራ ልጅን እንደ ልጅ ይቈጥራል፤ ጉዲፈቻም አይጠይቅም። ነገር ግን የእናቱና የእንጀራ አባቱ ጋብቻ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው መፈጸም አለበት። ልጁም ያላገባና ከ21 ዓመት በታች ሲሆን፥ ዜጋ የሆነ የእንጀራ አባት የሚያቀርብለት ማመልከቻ የዓመት ኮታ ተራ አይጠብቅም።

እንግዲህ ቀኑን እንቍጠር። ጥር 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፈረንጅ አቈጣጠር ጃንዋሪ 19 ቀን 2009 ነው። ልጁ ጥር 11 ቀን 2019 ዓ.ም. 18 ዓመት ይሞላዋል፤ ጋብቻው ግን ከዚያ በኋላ በ5ኛው ቀን ተቀጥሯል! በእነዚህ ጥቂት ቀኖች ምክንያት ልጁ በእንጀራ አባቱ በኩል የሚሄድበትን መብት ያጣል፤ እናቱ እዚያ ገብተው ራሳቸው እስኪያመለክቱለትም ከዘመድ ቤት ቀርቶ ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ ጋብቻው ይቅደም። ከገና ጾም በፊት ጊዜ አለ፤ ጾሙ ከተፈታ በኋላም ጥር 2ና ጥር 9 እሑድ ናቸው። ድግሱ ቢያንስ የሚጐዳ ሰው የለም፤ ቀኑ ቢያልፍ ግን የሚጐዳው ልጁ ነው።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ዜጋው ለሚስቱ አንድ፥ ለእንጀራ ልጁም ሌላ ማመልከቻ ማቅረብ አለበት፤ ልጁ በእናቱ ማመልከቻ ተከትሎ አይሄድም። ከማመልከቻው ጋር የልጁ የልደት፥ የአዲሱ ጋብቻና የሟቹ ባል የሞት ምስክር ወረቀቶች ያስፈልጋሉ። በአገራችን አዲሱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች የልደት ወረቀት የላቸውም። ወረቀቱ ሲወጣ ክርስትና የተነሣበት 40ኛው ቀን ከልደቱ ቀን ጋር እንዳይደባለቅ መጠንቀቅ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመውም ጋብቻ በክብር መዝገብ ይመዝገብ። መንግሥታት ቪዛ መስጠቱን የሚያግዱበት ጊዜ አለና፥ አዲሱን መመሪያ ከኤምባሲው እንጂ ከደላላ አትጠይቁ።

የእንጀራ አባቱም ገቢው ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ እንዳያንስ አሳይቶ፥ ልጁን ለማሳደር በፊርማው ዋስ ይሆናል። አባቶቻችን «እንጀራ አባት» ብለው የሰየሙት ይህንኑ ነው፤ የወለደ ሳይሆን የሚያበላ።

ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን የእመቤታችንን ስደት በየዓመቱ ታስባለች። አረጋዊው ዮሴፍ የሕፃኑ የሥጋ አባት አልነበረም፤ ሆኖም ወደ ግብፅ ሲሰደድ ሕፃኑን ትቶ እናቱን ብቻ አልወሰደም። የደጀኗ እኅታችንና ሊያገቡ ያሰቡት ወንድማችን ይህን ያስቡ ዘንድ እንለምናለን። እግዚአብሔር ጋብቻውን ይባርክ፤ መንገዱንም ለሦስቱም ያቅና።