የአያት ስፒከር ለቁራሌው አይሰጥ

ቤት ሲጸዳ ቀድሞ የሚወጣው የአያት ትልቅ ስፒከር ነው። እባካችሁ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ሶኬቱን ነቅላችሁ ጀርባውን ክፈቱና የዉፈሩን ማግኔት እዩ። ሰፊና ጠፍጣፋ ጥቁር ቀለበት ከሆነ ፌራይት ነው። ጠበብ ብሎ እንደ ጣሳ ወደ ኋላ ከረዘመ ግን አልኒኮ ሊሆን ይችላል፤ አሉሚኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት ያለበት የድሮ ማግኔት ማለት ነው። በ1970 ዓ.ም. በዛየር ሻባ ግዛት በተነሳው ጦርነት የኮባልት ዋጋ ናረ፤ ብዙ ፋብሪካዎችም ወደ ፌራይት ዞሩ። ስለዚህ ምትኩን ማግኘት ቀላል አይደለም።

እኔ ለአባቴ ስፒከር ጥንድ ፍለጋ ሚናለሽ ተራ ስዞር ኪሴ ውስጥ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ አይጠፋም። ለብቻው የተፈታውን ዉፈር ሁለት ጫፎች ለቅጽበት ሳስነካው ወረቀቱ ብቅ ካለ ሽቦው አልተቃጠለም። ወረቀቱን በጣቶቼ በእኩል ገፋ ሳደርገው ከፋቀ እተወዋለሁ።

ለጠጋኝ ስትሰጡ ማግኔቱን እንዳይፈታው ንገሩት፤ አልኒኮ ሲለያይ ጉልበቱ ይደክማል። በአዲስ ከቀየረውም አሮጌውን ተቀበሉ። አባቴ ዛሬም የሚያውቀው የዚያን ዉፈር ድምፅ ነው።