መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚተኛ አላርም

በዚህ ዓምድ ስለ ታክስ፣ ስለ መኪና ኢንሹራንስ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ የማወጋችሁ ግን በራሴ ቤት የደረሰ ነገር ነው። ባለቤቴ «ይሄንንም ጋዜጣ ላይ ልታወጣው ነው?» ብላኛለች። አዎን፣ ላወጣው ነው። በኔ ቤት ኮርኒስ ላይ የተሰቀለው ጉድ፣ አሁን ከጎናችሁ ተቀምጦ ጥብስ በሚበላው ሰው ቤትም ተሰቅሎ ሊሆን ይችላልና።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ቤታችን ቤዝመንት አላት። እንደ ብዙዎቻችን ቤዝመንቱን ሁለት ክፍል አድርገን አሠራንና አንዱን ለአንድ የአገራችን ልጅ አከራየነው። ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ሁለተኛው ክፍል የእንግዳ ሆነ። ክፍሎቹ ሲሠሩ ስሞክ ዲቴክተር ያስፈልጋል ተባለና ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ዋጋ ጠየቅሁ። የላዩንም የታቹንም ጨምሮ ከስድስት መቶ ዶላር በላይ አለኝ፤ በዚያ ላይ ፐርሚት መውጣት አለበት አለ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሸኘሁት።

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ስሙን አልጠራም። አገር ቤት ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን የኖረ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው። «ለዚች ነው እንዴ ስድስት መቶ ዶላር የሚሉህ? ሁለት ሽቦ እኮ ናት!» አለኝ። ቅዳሜ መጥቶ በአንድ ከሰዓት ጨረሰው። ለእጁ ሰማንያ ዶላር በግድ ኪሱ ከተትኩለትና ዶሮ ወጥ በላን። የሰቀላቸው አላርሞች ባትሪ የሌላቸው፣ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠሩ ነበሩ። «ባትሪ ስለሌለው ሌሊት ጢጥ ጢጥ እያለ አይነዘንዝህም» ሲለኝ ደስ አለኝ። ቁልፋቸውን አንድ በአንድ ተጫንን፤ አንድ በአንድ ጮኹ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ሁለት ዓመት አለፈ። እናቴ ከአገር ቤት መጣች፤ ደረጃ ስለሚያደክማት የታችኛውን ክፍል መረጠች። አንድ እሑድ በረንዳ ላይ ከሰል አያይዘን ቡና አፈላንላት። ከሰል ቤት ውስጥ እንደማይያያዝ አውቃለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ወደ ማታ ዝናብ ሲመጣ አመዱን በካርቶን ሰብስቤ ከቤዝመንቱ ደረጃ ሥር አኖርኩት፤ ጠዋት እጥለዋለሁ ብዬ። በእጄ ብዳስሰው ቀዝቅዟል። ረመጥ በአመድ ተዳፍኖ እንደሚያድር ገጠር ያደገችውን እናቴን ብጠይቃት ኖሮ ትነግረኝ ነበር፤ እነሱ እሳት የሚያሳድሩት እንዲያው አይደል?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ተከራያችን ከሥራ ገባ። የጓሮውን በር ሲከፍት ጭስ ተቀበለው። እጁን ሰዶ መብራቱን አበራ። ጥቂት ቆይቶ ኮርኒሱ ላይ ያለው አላርም እሪ አለ! ልብ በሉልኝ፤ ቤቱን ጭስ ሲሞላው ዝም ብሎ ያመሸው አላርም፣ ልጁ መብራት ሲያበራ ነው የጮኸው። እኛ ላይኛው ፎቅ በሩን ዘግተን ተኝተናልና አልሰማንም። የኛው ኮሪደር ላይ ያለው አላርም ትንፍሽ አላለም። ልጁ እናቴን ደግፎ በጓሮ አወጣትና ዞሮ የፊቱን በር በቡጢ ሲደበድብ ነው የነቃነው።

የተቃጠለው ካርቶኑ፣ የምንጣፉ ጫፍና የደረጃው ሁለት እንጨት ነው። እናቴ ራሷን እያዞራት ስለነበር ኦክስጅን ሰጥተው ሆስፒታል ወሰዷት፤ በማግሥቱ ወጣች። «ሽታውስ ሸቶኝ ነበር፤ እናንተ ላይ ቤት ዕጣን የምታጨሱ መስሎኝ ዝም አልኩ» አለችን። ይህን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ላወጣው አልቻልኩም።

ሁሉም ከበረደ በኋላ ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አንዱ፣ ሸምገል ያለ ሰው፣ ከአላርሙ ሥር ቆመና የክፍሉን መብራት አጠፋ። አላርሙ ላይ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራትም ጠፋች። አበራ፤ በራች። ሦስት ጊዜ እንዲያ አደረገና ወደኔ ዞሮ «ይህን ማን ሠራው?» አለኝ። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ።

ነገሩን አፍታቶ ያስረዳኝ በኋላ የመጣው፣ ላይሰንስ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው። ወዳጄ ለአላርሙ ኤሌክትሪክ የወሰደው በቅርብ ካገኘው ከአምፖሉ ሽቦ ነው፤ ያውም በማብሪያ ማጥፊያው ከሚቆረጠው። ስለዚህ አምፖሉ ሲጠፋ አላርሙም ይሞታል። ደንቡ እንደሚያዘው የመጠባበቂያ ባትሪ ቢኖረው ኖሮ በዚያ ይሠራ ነበር፤ እኛ ግን ከባትሪ ተገላገልን ብለን ተደስተናል። እንግዲህ ቀን፣ ሰው ነቅቶ ሲንቀሳቀስ፣ አላርሙም ነቅቶ ይጠብቀዋል። ማታ ሰው መብራት አጥፍቶ ሲተኛ እሱም አብሮ ይተኛል። ቁልፉን ስንጫን የጮኸልን መብራት በርቶ ስለነበረ ነው። በጨለማ ማን ይፈትናል?

ሌላው ጉድ ሦስተኛዋ ሽቦ ናት። ወዳጄ ትርፍ መስላው በፕላስተር ጠቅልሎ ትቷታል። ያቺ ሽቦ ግን አላርሞቹን የምታነጋግር ናት፤ ታች ያለው ጭስ ሲያገኝ ላይ ያለውም አብሮ እንዲጮህ የምታደርገው እሷ ናት። አላርሞቹ ከተለያየ ፋብሪካ ከሆኑ ደግሞ ሽቦዋ ብትገናኝም ላይግባቡ ይችላሉ። የኔዎቹ፣ ርካሽ ሲፈለግ፣ ሁለቱ ከአንድ ፋብሪካ ሦስተኛው ከሌላ ነበሩ።

በወዳጄ አልፈርድም። ሬዲዮ አሳምሮ ይጠግናል። ነገር ግን የተበላሸ ሬዲዮ ወዲያው ያስታውቃል፤ የተበላሸ ቧንቧም ያንጠባጥባል። አላርም ግን ደህናም ሆኖ ዝም ነው፣ ተበላሽቶም ዝም ነው። ልዩነቱ የሚታየው እሳት በተነሣበት ሌሊት ብቻ ስለሆነ፣ «ሞክረን እናየዋለን» የሚባልበት ሥራ አይደለም። የሚያውቅ ሰው ሠርቶት፣ ሌላ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሊያየው ይገባል። ፐርሚት የሚሉትም ገንዘብ መልቀሚያ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ኢንስፔክተር መጥቶ ሥራውን እንዲያይልህ የሚያደርገው እሱ ነው። የኢንሹራንሱ ሰው ሲመጣም የመጀመሪያ ጥያቄው የሽቦውን ሥራ ማን ሠራው የሚል ነበር።

የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ለዓመታት ሲናገር እንደኖረው፣ በዚህ አገር በቤት እሳት ከሚሞቱት አምስት ሰዎች ሦስቱ ያህሉ የሚሞቱት አላርም በሌለበት ወይም ኖሮም በማይሠራበት ቤት ነው። እኔ ራሴን ከባለ አላርሞቹ ወገን ስቆጥር ነበር።

አሁን ወደ ማድ ቤታችን እንምጣ፤ እዚህ ላይ እውነት እውነቱን እንነጋገር። ቡና ሲቆላ፣ ቁሌት ሲያር፣ ዕጣን ሲጨስ አላርሙን ፌስታል የምናለብሰው ስንቶቻችን ነን? እኔ ሻወር ካፕ ያለበሰ ሰው አውቃለሁ። ይህ ሁሉ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ አላርሙ ያለ ቦታው ስለተሰቀለ ነው። ባለሙያ ከምድጃው ቢያንስ 10 ጫማ ያርቀዋል፤ ከሻወር በር፣ አየር ከሚነፋው ቀዳዳና ከቬንትሌተር ክንፍ ደግሞ ወደ 3 ጫማ ያህል። ዓይነቱንም ይመርጣል። አንደኛው ዓይነት አየርን በጥቂት ጨረር እየመረመረ ቦግ ብሎ ለሚነድ እሳት ፈጥኖ ይነቃል፤ በምግብ ጭስም ቶሎ ይሸበራል። ሁለተኛው በብርሃን የሚሠራው ነው፤ እንደኔ ረመጥ ውስጥ ውስጡን ለሚጨስ እሳት የሚሻለው እሱ ነው። ሱቅ ገብተን ዋጋውን ብቻ አይተን ስናነሣ የትኛው እጃችን እንደገባ አናውቅም።

በከንቱ የሚጮህ አላርም ጣጣው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2022 በኒው ዮርክ ብሮንክስ አንድ ባለ 19 ፎቅ ሕንፃ ውስጥ እሳት ተነሥቶ 17 ሰዎች ሞቱ፤ ስምንቱ ልጆች ነበሩ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከጋምቢያ የመጡ፣ እንደኛው ኑሮ ለማሸነፍ የሚለፉ ስደተኞች ናቸው። እሳቱ የተነሣው ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው፤ ጭሱን በሕንፃው የነዛው ሳይዘጋ የቀረ በር ነው። አላርሙ ጮኋል። ነገር ግን ነዋሪዎቹ እንደተናገሩት በየጊዜው ያለ ምክንያት ሲጮህ ስለኖረ ብዙዎች መጀመሪያ ላይ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

የድምፁንም ቋንቋ እንወቀው። ሦስት ጊዜ ጮኾ አረፍ፣ ሦስት ጊዜ ጮኾ አረፍ ካለ ጭስ ነው። አራት ጊዜ እየጮኸ ካረፈ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ የማይታይና የማይሸት መርዝ ነው። ይህን መርዝ ከሰል ሲነድ ያወጣዋል፤ እናቴን ራሷን ያዞራትም እሱ ነው አሉን። ተራው ስሞክ ዲቴክተር ይህን አያውቀውም፤ ሌላ መሣሪያ ወይም ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ያስፈልጋል። በሁለቱም ጊዜ ወጥቶ ከደጅ 911 መደወል ነው። በየደቂቃው አንዴ ጢጥ የሚል ከሆነ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም አላርሙ ራሱ አርጅቷል። ጀርባው ላይ የተሠራበት ቀን ተጽፏል፤ 10 ዓመት ከሞላው ይጣል።

«ታዲያ ለሁሉም ባለሙያ እንጥራ ወይ?» ትሉ ይሆናል። በባትሪ ብቻ የሚሠራውን መመሪያውን አንብቦ ቦታውን ጠብቆ ራስ መስቀል ይቻላል፤ በሜሪላንድ ባትሪው የታሸገና 10 ዓመት የሚቆይ እንዲሆን ሕጉ ያዛል። ለዚህም ቢሆን የሚረዳ አይጠፋም፤ ቀይ መስቀል ከ2014 ጀምሮ በየሰፈሩ እየዞረ በነፃ ሲሰቅል ኖሯል፤ ብዙ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶችም መጥተው ያያሉ። ደውሎ መጠየቅ ነው። አፓርታማ የምትከራዩ ደግሞ ሥራው የባለቤቱ ስለሆነ ሽቦውን አትንኩ፤ በጽሑፍ አመልክቱና ቅጂውን ያዙ። ከቤት ኤሌክትሪክ ጋር የሚገናኘውን ግን ላይሰንስ ላለው እንስጥ። ከወገኖቻችን መካከል ላይሰንስ ያላቸው ጥሩ ጥሩ ኤሌክትሪሺያኖች ሞልተዋል። «ላይሰንስህን አሳየኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ ቁጥሩን ይዞ ከሰጠው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥም ይቻላል። እኛ የሐበሻ ልጅ ሲሆን ይሉኝታ ይይዘናል። እኔን ይዞኝ ነበር።

ይህን ጋዜጣ ያነሣችሁበት ምግብ ቤት ባለቤትም አንድ ቃል ይፈቀድልኝ። የምግብ ቤትና የአዳራሽ ፋየር አላርም ከቤቱ የተለየ ነገር ነው። የራሱ ፓኔል አለው፤ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ሰው በሌለበት ጊዜ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ለሚከታተል ድርጅት ምልክት ይልካል፤ ከምድጃው በላይ ካለው እሳት ማጥፊያም ጋር ይያያዛል። ለዚህ ተራ ኤሌክትሪሺያንም ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ናይሴት የሚባለው ተቋም በዚህ ሙያ በየደረጃው የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ያንን የያዘ ሰው ያለውን ድርጅት ፈልጉ። ለሠርግና ለልደት የሚሆን ክፍል ልከፍል ብላችሁ ግድግዳ ስታቆሙም አላርሙ ከግድግዳው ማዶ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና ሳታስመረምሩ ሰው አታስገቡ።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። የሆነውን ስነግረው ብዙ ዝም አለ። «እናትህ ደህና ናት?» አለኝ። ደህና ናት አልኩት። ስኒውን አስቀመጠና «ሌላም ሦስት ቤት ሠርቻለሁ» አለ።

በዚያው ምሽት ተነሥተን ሄድን። የመጀመሪያው ቤት መብራቱን አጥፍተን ቀና ብንል አረንጓዴዋ እንደበራች ናት፤ ተመስገን አልን። ሁለተኛው የአንዲት የሦስት ልጆች እናት ቤት ነው፤ ልጆቹ የሚተኙት ቤዝመንት ውስጥ ነው። ወዳጄ መብራቱን አጠፋ። አረንጓዴዋም አብራ ጠፋች። እሱ እዚያው ጨለማው ውስጥ ቆሞ ቀረ፤ ሴትዮዋ ከላይ «ኧረ ኑ፣ ቡናው ደረሰ!» እያለች ትጣራለች። በማግሥቱ ኤሌክትሪሺያን ተጠራ፤ ሂሳቡን ወዳጄ ከፈለ።

የሦስተኛው ቤት ሰዎች ግን ሸጠው ሄደዋል። ሁለት ጊዜ ሄደን በሩን ብናንኳኳ የሚከፍት አላገኘንም፤ ወረቀት ትተናል። ታኮማ ፓርክ ውስጥ ያለ፣ ባለ ቀይ ጡብ ቤት ነው፤ ወደ ቤዝመንቱ የሚገባው በጎን በኩል ነው። ይህን የምታነቡት እናንተ ከሆናችሁ ዛሬ ማታ የታችኛውን መብራት አጥፉና ወደ ኮርኒሱ ቀና በሉ። አረንጓዴዋ ከጠፋች በጋዜጣው ስልክ ደውሉልን፤ ወዳጄ የማሠሪያውን ገንዘብ ይዞ እየጠበቀ ነው።