ርእሰ አንቀጽ፦ ውሻ ማበጠር ነውር አይደለም



ባለፉት ሳምንታት በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቦይ ጠረጋና ስለ ሌሊት ጥበቃ መዋጮ ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን አንዳንዶቻችንን ያስቃል፤ አንዳንዶቻችንን ደግሞ ያስቆጣል። ጉዳዩ የውሻ ጸጉር ነው። «ኧረ ምን ነካቸው! ሌላ የሚጻፍ ጠፋ?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡልን፤ ነገሩ ከጸጉር ተነሥቶ የልጆቻችን ሕይወት ላይ ይደርሳልና።

እንደሚታወቀው በሰፈራችን አንዲት ትንሽ ውሻ አለች። በደሴው መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ወንድማችን ከአዲስ አበባ ጭኖ ያመጣት ናት። ቁመቷ ከጉልበት በታች ነው፤ ጢማምና ቅንድባም ናት፤ ጸጉሯ እንደ ቃጫ የቆመ ነው። የመጣች ሰሞን ሕፃናቱ «ፍየል ናት ወይስ ውሻ?» እያሉ አጥር ሥር ይሰበሰቡ ነበር። እኛ የምናውቀው ውሻ፣ በኦሮምኛችን ሰሬ የምንለው፣ ጸጉረ አጭር ሆኖ ቀን ጥላ ሥር ተኝቶ ሌሊት ጅብ ላይ የሚጮኸው ነው። ትንሽ ውሻ ሲባል ደግሞ የሚታወሰን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ ናት፤ የቤተ መንግሥት ቅንጦት። ይህችኛዋ ግን ለቅንጦት የተፈጠረች አይደለችም። የእርሷ ዓይነት ሸካራ ጸጉር ያላቸው ትናንሽ ውሾች በአውሮፓ የተራቡት አይጥ እንዲይዙና ቀበሮን ከጉድጓዱ እንዲያወጡ ነው። ማሽላ የሚያከማቹ ጎረቤቶቿ አይጥ መያዟን አይተዋል፤ ይመስክሩ።

ታዲያ ባለቤቷ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ጸጉሯን የሚነካው ጠፍቶ ተቋጠረ፤ ጭቃና አሜከላ ይዞ እንደ ስሜት ምንጣፍ ሆነ። በግንቦት ሙቀት አንዱ አዛኝ ነኝ ባይ በምላጭ ሙልጭ አድርጎ ላጫት። ከሚሴ ከፍታዋ 1,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ የግንቦትን ፀሐይ ማን ይነግረናል? ቆዳዋ ተቃጠለ፣ ቆሰለ። ሌላው መጥቶ «እከክ ነው» አለና የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባት። ሦስተኛው ላምባ ጨመረ። ውሻይቱ ስትልሰው ታማ ተኛች። ከዚያ በኋላ ነው «አብዳለች፣ ትገደል» የሚለው ወሬ የተነሣው። በመጨረሻው ስብሰባችን ላይ ደግሞ ነገሩ ሰፍቶ፣ ለሰፈሩ ውሻ ሁሉ መርዝ የነካው ሥጋ ይጣል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። ይህን ርእሰ አንቀጽ የምንጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ውሻይቱን ያዳነቻት ከቤሩት የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ ናት። ከዚህ አካባቢ ወደ ዓረብ አገር ያልሄደ ሰው የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ልጆቻችን እዚያ የሠሩትን ሲጠየቁ ልብስ ማጠብና ወጥ መሥራትን ይናገራሉ፤ የእመቤቲቱን ውሻ ማጠብና ማበጠርን ግን ያፍሩበታል። ይህችኛዋ አላፈረችም። «ዓመታት ሙሉ የእመቤቴን ጢማም ውሻ በጄ ስነጭ ኖሬያለሁ፤ ስጧት» አለች። አንዳንዱ «ዓረብ አገር ሄዳ ውሻ ማጠብ ተምራ መጣች» ብሎ ሣቀባት። እኛ ግን ሥራዋን ቁጭ ብለን አየን። የተማርነውንም እንዳለ እናቀርባለን።

የዚህ ዓይነት ውሻ ጸጉር ሁለት ድርብ ነው። የላይኛው እንደ ቃጫ የደረቀ ሲሆን ዝናብና እሾህ ይመልሳል። የሥረኛው እንደ ጥጥ ለስላሳ ነው። የላይኛው ጸጉር ዕድሜው ሲደርስ ይሞታል፤ ነገር ግን ብዙው በራሱ አይረግፍም፤ እዚያው ተሰክቶ ይቀራል። ስለዚህ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጥቂት ጥቂት እየያዙ፣ ጸጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ሳብ ማድረግ ነው። የደረሰው ያለ ሕመም ይወጣል። አልወጣም ካለ አልደረሰምና ተዉት፤ እሸት ማሽላ ማን ያጭዳል? ጣት ሲያንሸራትት የጠመኔ ዱቄት ይረዳል። ከአንገትና ከጀርባ ይጀመራል። ሆድና ብልት አካባቢ ግን ቆዳው ስስ ስለሆነ አይነጭም፤ ጫፉ ደንዘዝ ባለ መቀስ ይስተካከላል። በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ብሎ እንስሳውን ማሰልቸት አያስፈልግም። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይበቃል።

መላጨቱስ? መላጨት የሞተውን ጸጉር ከላይ ይቆርጠዋል እንጂ አይነቅለውም። በኋላ የሚበቅለው ለስላሳና ቀለሙ የደበዘዘ ይሆናል፤ ቆሻሻም ይይዛል። ከሁሉ በላይ ጸጉር ለውሻ የፀሐይ መከለያው ነው። ውሻ እንደ እኛ በሰውነቱ ሁሉ አያልበውም፤ የሚበርድለት ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ስለዚህ በሙቀት ጊዜ የሚያስፈልገው ጥላና ውሃ ነው፤ ምላጭ አይደለም።

ከመነጨት በፊት ጸጉሩን በሚዶ ማፍታታት ነው። የተቋጠረውን በጣት ከፋፍሎ ከጫፉ ወደ ሥሩ እንጂ ከሥሩ ጎትቶ አይደለም። ጢሙ ምግብ ይይዛል፣ ይሸታል፤ ከበላች በኋላ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ገላ ማጠብ በየወሩ ወይም ስትቆሽሽ ይበቃል፤ እሱም ከተነጨች በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ የታጠበ ጸጉር ለጣት ያዳልጣልና። በኦሞ አይታጠብም፤ የቆዳውን ወዝ ያጥባል። እንዶድም ዓይን ያቃጥላል። ጆሮ ውስጥ ውሃ አይገባም። ጥፍር ሲቆረጥ ጫፉ ብቻ ነው፤ ውስጡ የደም ሥር አለ፤ ጥቁር ጥፍር ላይ ስለማይታይ በጣም በጥቂቱ።

አሁን ወደ መዥገር። በደረቁ ወራት የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአርጎባውም ከብት ወደ ጨፋ ግጦሽ ይወርዳል፤ ከብት ባለበት መዥገር አይጠፋም። የውሻው መዥገር ደግሞ የራሱ ዓይነት አለው፤ እንቁላሉን በግድግዳ ስንጥቅና በውሻው መኝታ ይጥላል፤ ስለዚህ መኝታውም መጽዳት አለበት። ጣታችንን በጸጉሩ ውስጥ ስንሰድ ነው የምናገኘው፦ ጆሮ ውስጥ፣ በጣቶች መካከል፣ ጅራት ሥር። ከቆዳው አጠገብ በወረንጦ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ እንጂ በእሳት መለብለብ፣ በጣት ማፍረጥ አይገባም። የእርሻ ፀረ ተባይ በውሻ ላይ የምትነሰንሱ ወንድሞች፣ በአላህ ተዉ። እንስሳው ራሱን ይልሳል፤ ሕፃኑ ደግሞ እንስሳውን ያቅፋል።

የሃይማኖት ጥያቄ ያነሡም አሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ እንደሚታጠብ ሁላችንም እናውቃለን። ለጥበቃ፣ ለአደንና ለእርሻ ውሻ መያዝ እንደተፈቀደም እናውቃለን፤ የተጠማ ውሻን ያጠጣው ሰውዬ ታሪክም ከልጅነታችን የሰማነው ነው። ከዚህ ባለፈ ሸኾቻችን አሉ፤ እኛ አንፈተፍትም። ልጅቷ የምትሠራው በጓሮ፣ ለብቻው በተለየ ሳፋ፣ ጓንት አድርጋ፣ በተለየ ልብስ ነው። ከሶላት ጋር አልተጋጨባትም።

ዋናው ቁም ነገር እነሆ። ባለፈው የክትባት ባለሙያ ወደ ሰፈራችን በመጣ ጊዜ ስንቶቻችን ውሾቻችንን መያዝ ቻልን? አንዱ ባለቤቱን ነከሰ። ሁለቱ ገመድ በጥሰው ወደ ቦርከና ወረዱ። ብዙዎቹ ሳይከተቡ ቀሩ። ያቺ ጢማሟ ግን ቆማ ተወጋች። ለምን ቢባል የሰው እጅ ለምዳለች። ጆሮዋ ይታያል፣ እግሯ ይነሣል፣ አፏ ይከፈታል። በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚነካ ውሻ ያን ቀን ጠላት የመጣበት ይመስለዋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ በሰው ላይ ከታየ ማትረፍ የለም ማለት ይቻላል። ሰው ላይ ከሚደርሰው ከ100 እጅ 99ኙ የሚመጣው ከውሻ ነው። ሉዊ ፓስተር የ9 ዓመቱን ዮሴፍ ማይስተርን በክትባት ያዳነው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ዛሬም በአገራችን በዚህ በሽታ የሚሞት ልጅ አለ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። መጀመሪያ ሥር የሚበጠብጥ ሰው ዘንድ ሄዶ ቀን አያባክን።

መርዝ ይጣል ለምትሉት፣ ስጋታችሁን አንንቅም፤ ልጅ ያለው ሰው ይፈራል። ግን የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ እንደሚለው ውሻን በጅምላ መግደል በሽታውን አላቆመም። የሚያቆመው ከ100 ውሾች ቢያንስ 70ውን በየጊዜው መከተብ ነው። የተከተበ ውሻ ስንገድል ቦታውን ያልተከተበ ከሌላ ሰፈር መጥቶ ይይዛል። መርዙም አይመርጥም፤ ጥንብ የበላ አሞራ ይሞታል፣ ድመት ትሞታለች፣ በአጥር ሥር የሚድኽ ሕፃን አለ። ዝግጅት ክፍላችን በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ ሐሳብ ውድቅ እንዲሆን ይጠይቃል። በምትኩ ባለቤት ያለው ውሻ ሁሉ ይመዝገብ፣ አንገቱ ላይ ማሰሪያ ይደረግለት፣ ክትባት ሲመጣ ባለቤቱ ይዞ ይቅረብ። አላቀርብም የሚል ቅጣቱን ይክፈል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቅሬታ አቅራቢዎች ልክ ናቸው። ቦኖ ላይ ውሻ ማጠብ አይፈቀድም። ሰው በወረፋ በሚቆምበት ውሃ ላይ አረፋና ጸጉር መልቀቅ ጨዋነት አይደለም። ልጅቷም ይህ ተነግሯት ወዲያው ተቀብላለች።

ልጅቷ ዘወትር ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ በግቢዋ አያያዙን ልታሳይ ፈቅዳለች። ጸጉረ አጭር ውሻ ያላችሁም ጭምር ኑ፤ መዥገርና ጥፍር የሌለው ውሻ የለም። ውሻችሁን በገመድ አስራችሁ፣ ውሃችሁን በጀሪካን፣ ሚዷችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ቅረቡ። ለድካሟ የምትከፍሉትን ከእርሷ ጋር ተነጋገሩ፤ በነፃ አይባልም።