ዶክትሬቱ ቤተልሔም ይድረስ

በንፋስ መውጫ መምህር ነኝ። በክርስቲያናዊ ትምህርት አመራር ዶክትሬት ልማር ስል ወዳጄ «ከማን ልትማር?» አለኝ። ጥያቄው እስካሁን አልለቀቀኝም። ምክንያቱም ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባ እዚሁ ጋይንት ናቸው።

አንድ ማለዳ የዜማ መምህሩን የኔታን ሲያስተምሩ አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ተማሪው አንዲት የዜማ ምልክት ሲስት በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ፤ እሱም ከመነሻው ጀመረ። ጓሮ በኩል ነባሩ ጀማሪውን ያስጠናል። ዜማው፣ ደረጃው፣ ተተኪው ሁሉ ሥርዓት አለው፤ ለእኔ አመራር ማለት ይህ ነው።

የሙያ ዶክትሬት ከሥራው ችግር ይነሣል ይባላል። እንግዲያው የእኔ ጥናት ከቆሎ ተማሪው አኩፋዳ ይነሣል፤ ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ተማሪ ሲታመም ማን ያሳክመዋል? ኮሌጆቻችንም ጥናቴን ሲገመግሙ ለየኔታ አንድ ወንበር ያስቀምጡልኝ።