«ታይፎይድና ታይፈስ» የሚባል አንድ በሽታ የለም

ሰኞ ጠዋት ስም ስጠራ ከአንድ ክፍል ሦስት ተማሪዎች የሕመም ወረቀት ይዘው መጡ። ሦስቱም ላይ ያው ነው የተጻፈው፦ ታይፎይድና ታይፈስ። አንዷ «ቲቸር፣ እኔን እኮ በዓመት ሦስቴ ይይዘኛል» አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ አጎቴ ትዝ አለኝና ሳቄ ጠፋ።

አጎቴ ከሾኔ ወጣ ብሎ የሚኖር፣ ከብት ያለው ገበሬ ነው። አምና ማታ ማታ ትኩሳት፣ አንሶላ የሚያርስ ላብና የወገብ ሕመም ጀመረው። አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። ደም ወሰዱ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባለ። ሲፕሮና ዶክሲ ለሰባት ቀን። ተሻለው፣ ብዙም ሳይቆይ አገረሸበት። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ ያው ምርመራ፣ ያው ውጤት፣ አሁን ደግሞ መርፌ ተጨመረ። በአራተኛው ወር ጊደር ሸጠ።

እስከዚያ ድረስ «ሥራህ ምንድነው? ወተት አፍልተህ ነው የምትጠጣው?» ያለው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ጠየቀችው። ወተት በጥሬው እንደሚጠጣ፣ ላም ስትወልድ በባዶ እጁ እንደሚያግዝ፣ አንዷም እንደጨነገፈችበት ነገራት። ለይታ አስመረመረችው፤ ብሩሴሎሲስ ነበር።

ይህ አዲስ በሽታ አይደለም። ዴቪድ ብሩስ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ባክቴሪያውን ማልታ ላይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። ሕክምናው ዶክሲሳይክሊን ከሌላ መድኃኒት ጋር ሆኖ ለስድስት ሳምንት ገደማ ነው። የሰባት ቀን ዶክሲ ጋብ ያደርገዋል እንጂ አይነቅለውም። እኛ ግን ጋብ ሲል «አያችሁ፣ ታይፈስ ነበር» አልን።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ የታይፈሱ ዌል ፊሊክስ ደግሞ ከ1916። ሁለቱም ተሕዋሱን ራሱን አያዩም። የሚያዩት ሰውነት የሠራውን አንቲቦዲ ነው፤ እሱ ደግሞ ካለፈ ሕመም ሊቀር፣ በሌላ ኢንፌክሽንም ሊነሣ ይችላል። ዌል ፊሊክስማ ጭራሽ ፕሮቲየስ በሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው የሚሠራው! ታይፎይድን በትክክል የሚያረጋግጠው ካልቸር ነው።

«አንተ በዲፕሎማ ባዮሎጂ የምታስተምር ሰው ሕክምና ምን አገባህ? ሾኔ ላይስ ካልቸር ከየት ይምጣ?» የምትሉኝ አላችሁ። የካልቸሩ እውነት ነው። ግን ጥያቄ መጠየቅ ኪት አይፈልግም። ደግሞ ማይክሮስኮፕ አለን። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት አገራችን ውስጥ ዛሬም አለ፤ ተሕዋሱ በሽተኛው በሚያተኩሰው ሰዓት የወባ ስላይድ ላይ ተጠማዝዞ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔዘርላንድ ውስጥ ከኤርትራ በመጡ ስደተኞች ደም ውስጥ የተገኘው በማይክሮስኮፕ ነው። የወባ ፈጣን ኪት ግን ይህን አያሳይም። «ወባ የለም» ይላል፣ ከዚያ ወደ ዊዳል፣ ከዚያ ወደ ሲፕሮ። ግርሻ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ትክክለኛው መድኃኒት እንኳ ሲጀመር በሽተኛው ተንቀጥቅጦ ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል አጠገቡ ሰው ሆኖ መከታተል አለበት።

ክሊኒኮችን ብቻ አልወቅስም። ኪቱ ርካሽ ነው፣ ውጤቱ ቶሎ ይደርሳል፣ እኛም ገና በር ላይ «ታይፎይድ መርምሩኝ» እያልን ነው የምንገባው። «ምንም አልተገኘም» ያለንን ባለሙያ «አያውቅም» ብለን ሌላ ጋ እንሄዳለን። እኔም አጎቴን ይዤ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ ይህን እንደምታነቡ አውቃለሁ። ባለፈው ወር ስንት ዊዳል ሠራችሁ? ስንቱስ «ኔጋቲቭ» ሆነ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ በውስጥ መስመርም ይቻላል።