በሰው ቤት የጻፉ ደራሲዎች



  ዛሬ የምጽፍልዎ ለቅጥር ደራሲዎች ጥብቅና ልቆምላቸው ነው። ጉዳዩ መጀመሪያ ላይ ከእኛ ከዲላና ከጌዴኦ የራቀ ይመስልዎት ይሆናል፤ ቢሆንም ይታገሡኝ፣ ዞሮ ዞሮ ደጃችን ይደርሳል።

ቅጥር ደራሲ የምለው በቴሌቪዥን ወይም በሲኒማ የታየ ታሪክ ተሰጥቶት ‹መጽሐፍ አድርግልን› የሚባለውን ሰው ነው። ገጸ ባሕርያቱ የእርሱ አይደሉም። የሚኖሩበትንም ዓለም የፈጠረው ሌላ ሰው ነው፤ ባለንብረቱ ደግሞ አንድ ድርጅት። ቀን ተቆርጦለት ይጽፋል፣ ያስረክባል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሥነ ጽሑፍ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ ያነሡና ሽፋኑ ላይ የተዋናይ ፎቶ ሲያዩ መልሰው ያስቀምጡታል። እኔ ግን ስድሳ ዓመት ያለፈው አንድ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ዛሬም በሕይወት ያለው በእነዚሁ ሰዎች ጉልበት ነው ባይ ነኝ።

‹ዶክተር ሁ› የተባለው የእንግሊዞች ድራማ መጀመሪያ በቢቢሲ የታየው ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግሥት። የእኛ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ስለሆነ ዶክተሩ በዕድሜ ይቀድመዋል። (ከዚህ በኋላ የውጭውን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥራው፤ መጻሕፍቱም የሚታወቁት በዚያው ነው።) ድራማውን ላላዩት፣ ዶክተሩ ከሌላ ዓለም የመጣ ተጓዥ ነው። በጊዜና በጠፈር የሚመላለስባት ‹ታርዲስ› የምትባል መንኮራኩር ከውጭ ሲያዩዋት የድሮ የፖሊስ ስልክ ሣጥን ትመስላለች፤ ውስጧ ሲገቡ ግን አዳራሽ ናት። ሊሞት ሲል መልኩም ጠባዩም ተለውጦ ሌላ ሰው ሆኖ ይነሣል። ይህ ዘዴ የተገኘው የመጀመሪያው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል በ1966 ጤናው ታውኮ ሥራውን ሲለቅ ነው። ድራማው የዘለቀው በዚህች ብልሃት ነው ሲባል እሰማለሁ። ከፊሉ እውነት ነው። የቀረውን ያደረገው መጽሐፍ ነው።

በ1960ዎቹ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ነበር። ቢቢሲ አንዴ የታየውን ክፍል አጥፍቶ ቴፑን ለሌላ ዝግጅት ይጠቀምበት ነበር። በዚህ ምክንያት ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍሎች ወደ መቶ የሚጠጉት ምስላቸው እንደ ወጣ ቀርቷል፤ ድምፃቸው የተረፈው ተመልካቾች ሳሎናቸው ውስጥ ቴፕ ሪኮርደር ደቅነው ስለቀዱት ነው። ያኔ ቅዳሜ ማታ እናቱ ገበያ የላከችው ልጅ ያመለጠውን ክፍል የሚያይበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

በ1973 ‹ታርጌት› የተባለ አሳታሚ ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ የወጡ ሦስት የ‹ዶክተር ሁ› መጻሕፍትን እንደገና አትሞ አወጣ። ገበያው ሲሞቅለት ሌሎችም እንዲጻፉለት አዘዘ። ከታዘዙት አንዱ የድራማውን ጽሑፍ ያርም የነበረው ቴራንስ ዲክስ ነው። በ2019 ያረፈው ይህ ሰው ለታርጌት ብቻ ከስድሳ በላይ መጻሕፍት ጽፏል። ስስ ስስ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከ130 ገጽ አይዘሉም። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ምዕራፉ ሁሉ አንባቢን አንጠልጥሎ የሚያቆም ነው። ታርዲስ ስታርፍ የምታሰማውን ድምፅ በእነዚያው ቃላት ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይደጋግመዋል፤ ተቺዎች ስቀውበታል። እኔ ግን ተረት ነጋሪ አያቶቻችንን አስባለሁ፤ ጅብ በመጣ ቁጥር በዚያው ድምፅ ካልመጣ ልጁ ራሱ ይቆጣል። ዲክስ ለማን እንደሚጽፍ ያውቅ ነበር። ዛሬ ስም ያላቸው ብዙ የእንግሊዝ ደራሲዎች በልጅነታችን ከንባብ ያፋቀረን እርሱ ነው ብለው መስክረውለታል።

ከዲክስ ይልቅ የማደንቀው ግን ማልኮም ሃልክን ነው። በ1970 ሃልክ ራሱ የጻፈው አንድ የ‹ዶክተር ሁ› ታሪክ በቴሌቪዥን ታይቶ ነበር፤ ከሰው ልጅ በፊት ምድርን ይገዙ የነበሩ፣ መሬት ውስጥ ተኝተው የቆዩ እንሽላሊት መሳይ ፍጡራን ሲነቁ የሚሆነውን የሚናገር ነው። በቴሌቪዥኑ ላይ እነዚህ ፍጡራን የየግል ስም አልነበራቸውም፤ ጎማ የለበሱ ተዋንያን ነበሩ። ሃልክ በ1974 ታሪኩን መጽሐፍ ሲያደርገው የጀመረው ከዶክተሩ አይደለም። ከእነርሱ ከአንዱ ነው፤ ኦክደል ይባላል። የሚመጣውን ጥፋት ሸሽቶ ከወገኖቹ ጋር ወደ መጠለያው ሊወርድ ሲል፣ ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይንና ምድሩን ያያል። አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ገጽ በኋላ ‹ጭራቅ መጣብን› የሚለው ጩኸት እንዴት እንደሚሰማ ያስቡት። ባለቤቶቹ መጡ እንጂ! ገንዘብ ያልነበረው የቴሌቪዥን ዝግጅት ያላሳየውን፣ በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጥ የልጆች መጽሐፍ አሳየው። በትእዛዝ የተጻፈ ነገር ነፍስ የለውም ለሚሉኝ ሁሉ የማቀርበው ይህንኑ ምዕራፍ ነው።

በድራማው የሃሪ ሱሊቫንን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ኢያን ማርተርም ተዋናይነቱ ሳያግደው ብዕር አንሥቶ በርካታ መጻሕፍት ጽፏል። እርሱን በዚህ ልለፈው፤ ምክንያቱም ትልቁ ነገር ገና ነው።

በ1989 ቢቢሲ ድራማውን አቆመው። በ1996 ከወጣ አንድ ፊልም በቀር እስከ 2005 ድረስ ዶክተሩ በቴሌቪዥን አልታየም። አሥራ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው! ታሪኩ በእነዚያ ዓመታት የት ነበር? በመጽሐፍ ውስጥ ነበር። ከ1991 ጀምሮ ‹ቨርጂን› የተባለው አሳታሚ፣ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ቢቢሲ ራሱ በቴሌቪዥን ያልታዩ፣ ፍጹም አዳዲስ የዶክተሩን ታሪኮች ማሳተም ያዙ። የሚጽፉት አብዛኞቹ በታርጌት መጻሕፍት ያደጉ ወጣቶች ነበሩ።

የጌዴኦን እርሻ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ካደነቃቸው ነገሮች አንዱ አተካከሉ ነው፦ ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከዛፎቹ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። ይርጋ ጨፌ ተብሎ በየአገሩ የሚጠራው ቡናው ነው። ቡና ባልያዘበት ዓመት ቤተሰቡን በቆጮ የሚያሻግረው ግን እንሰት ነው፤ በእርሱ ስም የተከፈተ ካፌ አይቼ አላውቅም። ዶክተር ሁም ከ1989 እስከ 2005 በእንሰቱ ኖረ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ድራማውን በ2005 ከሞት ያስነሣው ራስል ቲ ዴቪስ በ1996 ለቨርጂን አንድ የ‹ዶክተር ሁ› ልብ ወለድ ጽፎ ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ ድራማውን የመራው ስቲቨን ሞፋትም በዚያው ዓመት በአንድ መድበል ውስጥ አጭር ልብ ወለድ አውጥቷል። ኋላ ለድራማው የጻፈው ማርክ ጌቲስም በ1992 እንዲሁ ልብ ወለድ ጽፏል። እነዚያ ‹የተዋናይ ፎቶ ያለባቸው› መጻሕፍት የቤቱን የነገ ባለቤቶች እያሳደጉ ኖረዋል ማለት ነው። ፖል ኮርኔል ደግሞ በ1995 አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ ዶክተሩ ማንነቱን ረስቶ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በተቃረበበት ዘመን በአንድ የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት ተራ መምህር ሆኖ ይኖራል፣ አንዲት ሴትም ያፈቅራል። ከዚያ ያ ሰው ለመሆን ወይስ ዶክተር ለመሆን መምረጥ አለበት። በ2007 ኮርኔል ራሱ መጽሐፉን ለቴሌቪዥን መልሶ ጻፈው፤ ዴቪድ ቴናንት ተጫወተበት። ከቴሌቪዥን ወደ መጽሐፍ ሲፈስ የኖረው ወንዝ ወደ ላይ ተመለሰ። ብዙ ተመልካቾች እስከ ዛሬ ከምርጦቹ ያስቀምጡታል፤ እኔም እስማማለሁ።

በሌሎቹም ቤቶች እንዲሁ ነው። በ‹ስታር ትሬክ› ውስጥ የመርከቧን መሪ የሚይዘው ሱሉ የመጀመሪያ ስሙን ሂካሩን ያገኘው ቮንዳ ማክንታየር በ1981 ካሳተመችው ልብ ወለድ ነው፤ በፊልም የተጠራበት በ1991 ነው። የ‹ስታር ዋርስ› መዲና ኮረሳንት ስሟ የወጣው በ1991 ከታተመው የቲሞቲ ዛን መጽሐፍ ነው። ስም ያወጣው ሰው ግን ክርስትና አባት ተብሎ አይጠራም። ይባስ ብሎ የመጀመሪያውን ‹ስታር ዋርስ› በልብ ወለድነት የጻፈው አለን ዲን ፎስተር ነው፤ መጽሐፉ በ1976 ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የነበረው ስም የጆርጅ ሉካስ ነበር። በ2020 ፎስተር ከደራሲዎች ማኅበር ጋር ሆኖ፣ መብቱን የገዛው ዲዝኒ የመጽሐፍ ድርሻዬን አልከፈለኝም ብሎ በአደባባይ እስከ መጮህ ደርሷል። የእንሰት ነገር።

አሁን ወደ ደጃችን ልምጣ። እኛ በሰው ታሪክ ላይ የሚሠራን ሰው መናቅ ልማዳችን አልነበረም። ወጋየሁ ንጋቱ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን በሬዲዮ ሲተርከው ‹የሰው ድርሰት የሚያነብ› ያለው ማን ነው? ለብዙዎቻችን ጉዱ ካሳ የሚናገረው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚሼልን ትልቅ መጽሐፍ እስር ቤት ውስጥ በሲጋራ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ ሲመልሰው፣ ‹ነገም ሌላ ቀን ነው› የእርሱም ሆነ። ማሞ ውድነህ በስለላ መጻሕፍት ትርጉሞቹ አንድ ትውልድ አንባቢ አድርጓል። ለእነርሱ የሰጠነውን ክብር ለቴራንስ ዲክስ መንፈግ ምን ይባላል?

ዛሬም ይህ ሥራ ዲላ ውስጥ በየቀኑ ይሠራል። አንድ ፀጉር ቤት ተራዬን ስጠብቅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የጠፈር ፊልም ያሳይ ነበር፤ በፍላሽ የተጫነ ትርጉም ፊልም። አንድ ሰው ጀግናውንም፣ ወራሪውንም፣ የምታለቅሰውንም እናት በራሱ ድምፅ ይናገርላቸዋል። የመንኮራኩሩ አዛዥ ‹ሞተሩ አልነሣም አለ› ሲባል ተርጓሚው ከየትም አምጥቶ ‹ታዲያ ውረዱና ግፉዋ!› አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በእንግሊዝኛው እንዲህ የሚል ነገር አልነበረም። ፀጉሬን የሚቆርጠውን ልጅ እንግሊዝኛውን አያይም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ‹ጋሼ፣ ያለ እሱማ ምኑ ይጥማል› አለኝ፣ መቁረጫውን ወደ ቴሌቪዥኑ እየጠቆመ። ይህ ተርጓሚ ስሙ የትም አልተጻፈም። ፊልሙን በፈቃድ መሥራት አለመሥራቱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ የፎስተርን ነገር የሚያውቅ ሰው የባለመብትን ጉዳይ አቃልሎ አያልፍም። ችሎታው ግን ችሎታ ነው። ያችን ‹ውረዱና ግፉ› የፈጠራት አእምሮ የሃልክ ዘመድ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛው ለእነዚህ ልጆች ነው፤ ድምፃችሁን ወረቀት ላይ አውርዱት። ብሥራት ደበበና ኢታን ኮሚክስ ‹ጀምበር› የተባለ ኢትዮጵያዊ ጀግና በሥዕላዊ መጽሐፍ ለአማርኛ አንባቢ አቅርበዋል፤ እንዲህ ያለ ዓለም እየሰፋ የሚሄደው ፈጣሪው በሩን ከፍቶ ሌሎች በውል፣ በስማቸውና በሚገባቸው ክፍያ ሲጽፉበት ነው። ለዓመታት አገር ሲያነጋግሩ የኖሩ የቴሌቪዥን ድራማዎቻችንም ቢሆኑ፣ ያመለጠው ሰው መጽሐፍ ሆነው ቢያገኛቸው ምናለበት? አንድ ጀማሪ ደራሲ ከባዶ ዓለም ከመፍጠሩ በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ እጁን ቢያፍታታ አያዋርደውም፤ ዴቪስን አላዋረደውም።

ሁለተኛው ለእርስዎ ነው። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ወይም በዕርዳታ ከመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት መካከል ስስ፣ ሽፋኑ የተላጠ፣ ‹ዶክተር ሁ› የሚል ካጋጠመዎ አይለፉት። ደራሲው ሃልክ ከሆነ ይግዙት፤ ዲክስ ከሆነ ለልጅዎ ይስጡልኝ። የኮርኔልን ካገኙ ደግሞ የቴሌቪዥኑን ከማየትዎ በፊት ያንብቡትና የትኛው እንደሚበልጥ ይጻፉልኝ፤ እኔ ለመጽሐፉ አድላለሁ፣ ክርክር ግን እወዳለሁ።

አክባሪዎ፣
ከዲላ