የማስጠንቀቂያው ድምፅ ለማን ይደርሳል? በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የኤሌክትሮኒክ ማንቂያ ክፍተቶች

የሳዑዲ ዐረቢያ የሲቪል መከላከያ ዋና ዳይሬክቶሬት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2025 ብሔራዊውን የአስቸኳይ ጊዜ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መድረክ ሞክሯል። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ልዩ ድምፅ ያለው መልእክት ወደ ሞባይል ስልኮች የተላከ ሲሆን፣ በሪያድ አስተዳደር ክልል በዲርዒያ፣ በአል-ኸርጅና በአድ-ዲለም ደግሞ የሳይረን ሙከራ መካሄዱ ይታወሳል። ሙከራው መሣሪያው እንደሚሠራ የሚያረጋግጥ ነው። መልእክቱን የሰማው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቁን ግን መሣሪያው ራሱ ሊመሰክር አይችልም። ይህ ጥያቄ ከየትም ቦታ ይበልጥ የሚነሣው ብዙ ሺህ ሰዎች በየቀኑ በሚገናኙባቸው የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ነው።

በሪያድ እንደ ንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲና እንደ ልዕልት ኑራ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ግቢዎች በስፋታቸው ከትንሽ ከተማ የሚስተካከሉ ናቸው። በእንዲህ ያሉ ግቢዎች ከተማሪውና ከመምህሩ ሌላ የጽዳት ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ የምግብ ቤት ሠራተኛውና የጥበቃው ባልደረባ ይውላሉ። አደጋ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤ ማስጠንቀቂያው የሚደርሳቸው ግን በአንድ ዐይነት መንገድ አይደለም።

በዓለም ዙሪያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት የተለመደው ዘዴ በስም ዝርዝር ላይ የተመሠረተ ነው። አጭር የጽሑፍ መልእክትና ኢሜይል የሚላከው በመዝገብ ላይ ላለ ቁጥርና አድራሻ ነው። በኮንትራት ኩባንያ በኩል የተቀጠረ ሠራተኛ ስሙ የሚገኘው በኩባንያው መዝገብ ስለሆነ፣ የዩኒቨርሲቲው ዝርዝር በቀላሉ ሊያልፈው ይችላል። ቁጥሩ ቢመዘገብ እንኳ ሲም ካርድ በለወጠ ቀን ከዝርዝሩ ወጣ ማለት ነው። ከዚህም በላይ የጽሑፍ መልእክት ለእያንዳንዱ ቁጥር ተራ በተራ የሚላክ በመሆኑ፣ መስመሩ በተጨናነቀ ሰዓት ይዘገያል።

ብሔራዊው መድረክ የሚጠቀምበት ስርጭት ይህን ችግር በከፊል ይፈታል። መልእክቱ ከስልክ ማማዎች በአካባቢው ላሉ ስልኮች በአንድ ጊዜ ስለሚሰራጭ ቁጥርም ሆነ ምዝገባ አይጠይቅም። ሆኖም የጠፋ ስልክ፣ በሥራ ሰዓት በመቆለፊያ ሣጥን የተቀመጠ ስልክ ወይም ስርጭቱን የማይቀበል አሮጌ ቀፎ አይደርሰውም። ላኪውም ማን እንደሰማና ማን እንዳልሰማ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሁለተኛው ክፍተት ቋንቋ ነው። ለዓመታት በሪያድ የኖረ ኢትዮጵያዊ በቤትና በገበያ የሚነገረውን ዐረብኛ አሳምሮ ሊናገር ይችላል። ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው ግን በመደበኛው ዐረብኛ ነው። አሠሪው «ኢጥለዕ በራ» ቢለው ወዲያው የሚወጣ ሰው፣ በስልኩ ላይ «ኢኽላእ» የሚለውን ቃል ሲያይ ከሕንፃው ውጡ መባሉን ላይረዳ ይችላል። «ኢልዘም መካነክ» ማለት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ባለህበት ቆይ ማለት ነው። የሁለቱ መምታታት ከእሳት ሸሽቶ በማምለጥና በእሳት ውስጥ በመቅረት መካከል ያለ ልዩነት ነው። «ተጅሪባ» የሚለውን ቃል ብዙ ሠራተኛ የሚያውቀው ከሥራ የሙከራ ጊዜው ነው፤ በማስጠንቀቂያ ላይ ሲጻፍ መልእክቱ ሙከራ መሆኑን ይገልጻል።

በቋንቋ በኩል ያለው አደጋ የዚህ አገር ብቻ አይደለም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2023 አገር አቀፍ ሙከራ ባደረገችበት ዕለት፣ በዌልሽ ቋንቋ በተላከው መልእክት ውስጥ ደኅንነትን የሚገልጸው ቃል ተሳስቶ «ቮጌል» ተብሎ ወጥቷል። ቮጌል በስሎቬኒያ የሚገኝ የበረዶ ሸርተቴ ሥፍራ ስም ነው። ስህተቱ በሙከራ ቀን ስለሆነ አሳቀ እንጂ፣ በአደጋ ቀን ቢሆን የሚያስቅ አልነበረም።

ሦስተኛው አመኔታ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2018 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ የሃዋይ ነዋሪዎች ሚሳይል እየመጣ ነው የሚል መልእክት በስልካቸው ደረሳቸው። መልእክቱ ሐሰተኛ መሆኑ በዚያው መንገድ የተነገራቸው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነበር። ድምፁ በከንቱ በተደጋገመ ቁጥር ሰው መልእክቱን ሳያነብ መዝጋት ይለምዳል፤ እውነተኛው ቀን ሲመጣም ያው ልማድ ይቀድመዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መሣሪያው ሳይሆን መሣሪያውን የሚያዝዘው ሰው መዘግየቱ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2007 በአሜሪካው ቨርጂኒያ ቴክ የመጀመሪያው ተኩስ የተሰማው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ15 ገደማ ሲሆን፣ ለግቢው ማኅበረሰብ የመጀመሪያው ኢሜይል የተላከው 3 ሰዓት ከ26 ላይ ነበር። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሁለተኛው ተኩስ ተከተለ፤ በጠቅላላው 32 ሰዎች ተገደሉ።

በስፔን ቫሌንሲያ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2024 በደረሰው ጎርፍም የስልክ ማስጠንቀቂያው የተላከው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ11 ላይ፣ ብዙዎች በውኃ ከተከበቡ በኋላ ነበር። ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። የቫሌንሲያ ዩኒቨርሲቲ ግን የአየር ትንበያውን አይቶ ከዋዜማው ትምህርት አቋርጦ ነበር። ተማሪዎቹን ከመንገድ ያስቀረው የስልኩ ድምፅ ሳይሆን፣ አንድ ቀን ቀድሞ የተወሰነ ውሳኔ ነው።

ይህ ለሪያድም ትምህርት አለው። ብሔራዊው የሚትዮሮሎጂ ማዕከል ከባድ ዝናብ ወይም የአቧራ ማዕበል ሲጠበቅ በቢጫ፣ በብርቱካንማና በቀይ ቀለም ደረጃ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ትምህርት በርቀት እንዲሰጥ ሲወሰን ተማሪው ከቤቱ ይከታተላል። ወለል ማጽዳትና በር መጠበቅ ግን በርቀት የሚሠራ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ውሳኔው ተማሪውን ሲያስብ፣ ያንኑ ጎዳና አቋርጦ ወደ ግቢ የሚመጣውን ሠራተኛ መርሳት የለበትም።

መፍትሔው የኤሌክትሮኒክ ማንቂያውን መተው አይደለም፤ ብቻውን አለመተው ነው። የድምፅ ማጉያ፣ በሕንፃው የተሰቀለ ምልክት፣ በየጊዜው የሚደረግ ልምምድና በሠራተኞች ቋንቋ የተዘጋጀ አጭር ማብራሪያ አብረውት ሊቆሙ ይገባል። የኮንትራት ኩባንያዎችም የሠራተኞቻቸውን ስልክ ቁጥር ለግቢው የደኅንነት ክፍል ማስተላለፍና በየጊዜው ማደስ ይጠበቅባቸዋል።

ሠራተኛውም በበኩሉ ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። «ኑቅጠት ተጀሙዕ» የተባለው የመሰብሰቢያ ቦታ ከሥራው አካባቢ የት እንደሚገኝ ሙሽሪፉን ይጠይቅ፤ ብዙውን ጊዜ በአረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ወደ መሐል የሚያመለክቱ አራት ቀስቶች አሉበት። ስልኩ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ምርጫው ክፍት መሆኑን ይመልከት። በሪያድ 911 የተባበረው የአደጋ ጥሪ፣ 998 ደግሞ የሲቪል መከላከያው ቁጥር መሆኑን ያስታውስ። መልእክቱን ያነበበና የተረዳ ሰውም አጠገቡ ላለው፣ ስልክ ላልያዘው ወይም ቋንቋው ላልገባው ባልደረባው በሚያውቀው ቋንቋ ይንገረው።